የእማዬ ክፍል ስንት ካሬ ነው?

እማዬ የደሴውን ቤቷን ዘግታ እኛ ጋ ለመኖር «እሺ» ያለችው ከሦስት ዓመት ልመና በኋላ ነው። እሺታዋም ቢሆን ባዶ እጁን አልመጣም። «አልጋዬና ሳንዱቄ አብረውኝ ይመጣሉ። እነሱን የማታስገቡልኝ ከሆነ እኔም እዚሁ ነኝ» አለች። አልጋው የሠርጓ አልጋ ነው። ሳንዱቁን አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ ያሠራላት ነው። ስለዚህ ክርክር የለም። የሚመቻቸው ቤቱ እንጂ ዕቃው አይደለም።

እኔና ባለቤቴ በዚያው ሰሞን አዲሱን አፓርታማ ልንረከብ ነበር። ባለ ሦስት መኝታ፣ 98 ካሬ፣ በከፊል የተጠናቀቀ። «በከፊል የተጠናቀቀ» ማለት ልስኑ አልቋል፣ ሴራሚኩ፣ ቀለሙና የውስጥ በሮቹ ግን የገዢው ናቸው ማለት ነው። ሦስተኛዋ ክፍል፣ በፕላኑ ላይ 3.20 በ3.00 ተብላ የተጻፈችው ትንሿ፣ የእማዬ እንድትሆን ከወሰንን ቆይተናል። እናም አንድ ማታ ስልክ አነሳሁ።

«እማዬ፣ ሳንዱቁ ርዝመቱ ስንት ነው?»

«ሁለት ክንድ ከስንዝር።»

«በሜትር ማለቴ ነው።»

«ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ሜትር ከየት አመጣለሁ? ክንዴ ግን እዚሁ አለ።»

ምን ይባላል? ከክርኔ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ ለካሁ፤ 46 ሳንቲ ሜትር። ስንዝሬ 21። ሁለት ጊዜ 46 ሲደመር 21፣ 113። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ሳንዱቅ፣ 1.13» ብዬ ጻፍኩና ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ። የዚህን ቁጥር ጉድ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ባለቤቴና የስድስት ዓመቷ ልጃችን ሳይት ሄድን። ይዤ የሄድኩት የልብስ ስፌት ሜትሬን ነው። አትሳቁ፤ ቤት ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። የጨርቅ ሜትር ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ስለሆነ ሦስት ሜትር ግድግዳ ለመለካት ሁለት ጊዜ ማንሳትና መጣል ያስፈልጋል። በየመሐሉ በጣት ምልክት ይያዛል። ጣት ደግሞ ይንሸራተታል፤ ጨርቁም በአገልግሎት ብዛት ይሳባል። አንዱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ለክተን የ6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ስናገኝ ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ወርዶ ከሰፈሩ የግንባታ ዕቃ መደብር ባለ 5 ሜትር የብረት ሜትር ገዝቶ መጣ።

ስለዚህች የብረት ሜትር አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጫፏ ላይ ያለችው የታጠፈች ብረት ትላወሳለች። እኔ ተበላሽታለች ብዬ ልመልሳት ስል ፎቁ ላይ ሥራ ላይ የነበረው አናጢ አስቆመኝ። ሆን ተብሎ ነው። ጫፏን ግድግዳ ላይ ስትገፏት በራሷ ውፍረት ልክ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትስቧት ደግሞ በዚያው ልክ ትወጣለች። በሁለቱም መንገድ ዜሮው ትክክል እንዲሆን ነው። ስለዚህ ስትላወስ አይታችሁ በመዶሻ እንዳታጠብቋት። ሌላው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስትለኩ ሜትሩን ማዕዘኑ ላይ አጥፎ «ወደ 3.10 አካባቢ» ማለት አያዋጣም። የሜትሩ ቤት፣ ማለትም ቀፎው፣ ብዙ ጊዜ የራሱ ርዝመት ተጽፎበታል። ቀፎውን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ከአፉ የምታነቡት ቁጥር ላይ ያንን መደመር ነው።

የእማዬን ክፍል ለካን። ርዝመቱ 3.12። ወርዱን ከበሩ በኩል ስንለካ 2.86፣ መሐል ላይ 2.88፣ መስኮቱ ጋ 2.91 ሆነ። እኔ ልጄ ጫፉን በደንብ ስላልያዘች መሰለኝ፤ እሷም ተቆጣች። ደገምነው። ያው ነው። ግድግዳዎቹ ትይዩ አይደሉም። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አግድም ስንለካም አንዱ 4.22፣ ሌላው 4.27 መጣ። አራት ማዕዘኑ ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ እኩል መሆን ነበረባቸው። አንዲት ማዕዘን ብቻዋን ለመፈተሽ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ለኩ። 100 ከመጣ ማዕዘኗ ልክ ናት። ይህን የሰባተኛ ክፍል ትምህርት አንድ ቀን ለሴራሚክ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ታዲያ ሦስት የተለያየ ወርድ ከተገኘ የቱን መያዝ ነው? መልሱ ለምን እንደምትለኩት ይወሰናል። ለዕቃ ከሆነ ትንሹን ያዙ፤ አልጋው የሚጣበቅባችሁ ጠባቡ ጋ ነው። ለሴራሚክና ለምንጣፍ ከሆነ ትልቁን፤ ሰፊው ጋ ጎድሎ ከሚታይ ቢቆረጥ ይሻላል።

እንግዲህ ስፋቱ። 3.12 ሲባዛ በ2.86፣ 8.92 ካሬ ሜትር። ባለቤቴ የተማረው ሒሳብ ከእኔ ቢበልጥም ቁጥሩን በሳንቲ ሜትር አባዝቶ፣ 312 በ286፣ 89,232 አገኘና ለመቶ አካፍሎ «892 ካሬ» አለ። ልጄ ሳትቀር «አባዬ፣ ኳስ ሜዳ ነው እንዴ?» አለችው። አንድ ሜትር መቶ ሳንቲ ሜትር ቢሆንም አንድ ካሬ ሜትር ግን መቶ በመቶ፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ሁሉንም ወደ ሜትር ቀይሮ ማባዛት ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ለልጄ ካሬ ምን እንደሆነ ያስረዳኋት በስኮች ነው። ሲሚንቶው ወለል ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አድርገን ለጠፍን፤ መሐሉ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ተኛችበት፤ እግሯ ወጣ። «እንደዚህ ዘጠኝ ቢሆኑ የአያትሽ ክፍል ይሞላል» አልኳት። ቆጠረችና «ዘጠኝ አይሞላም፣ ትንሽ ይቀራል» አለች። ልክ ናት፤ 8.92 ነው። እኔ ግን ያን ስኮች እያየሁ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ፕላኑ ላይ 3.20 በ3.00፣ ማለትም 9.60 የተባለው ክፍል ነው ይህ። ከእማዬ ክፍል ላይ ብቻ 68 መቶኛ ካሬ ጎድሏል። ሌሎቹስ?

ቀኑን ሙሉ ስንለካ ዋልን። ሳሎኑ 6.10 በ4.05፣ 24.70 ገደማ። ከሳሎኑ ጋር የተያያዘው ኩሽና 2.95 በ2.40፣ 7.08። ይህ ቦታ በቅርጹ እንደ ጉልበት የታጠፈ ስለሆነ በአንድ ማባዛት አይወጣም፤ ሁለት አራት ማዕዘን አድርጎ ከፍሎ ለየብቻ አስልቶ መደመር ነው። ትልቁ መኝታ 13.09። የልጃችን 9.76። የእማዬ 8.92። ሁለቱ መታጠቢያ ቤቶች 3.52 እና 2.85። ኮሪደሩ 3.96። ደመርኩት፤ 74 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በረንዳው 3.40 በ1.20 ሲሆን 4.08 ነው። ከነበረንዳው 78 ካሬ።

የከፈልነው ለ98 ነው።

እዚህ ላይ ስሜቴን መግለጽ አልፈልግም፤ መጽሔቱ የቤተሰብ መጽሔት ነው። ሰኞ ጠዋት ለሽያጭ ክፍሉ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ትሁት ናት። «እህቴ፣ 98ቱ ግሮስ ነው» አለችኝ። የግድግዳው ውፍረት፣ ኮለኖቹ፣ ከዚያም ከደረጃው፣ ከሊፍቱ፣ ከመግቢያው አዳራሽና ከጄኔሬተር ክፍሉ የደረሰን ድርሻ ተደምሮበት ነው። ውሉን አውጥቼ አየሁ። አራተኛው ገጽ ላይ «የጋራ መጠቀሚያዎችን ድርሻ ጨምሮ» ይላል። ፈርሜበታለሁ።

ግድግዳ ካሬ ይበላል ሲባል አጋነኑት እንዳትሉ። ባለ 15 ብሎኬት ግድግዳ በሁለቱም በኩል ሲለሰን ውፍረቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ በየአምስት ሜትር ርዝመቱ አንድ ሙሉ ካሬ ይወስዳል። አንድ አፓርታማ ውስጥ ስንት ሜትር ግድግዳ እንዳለ ቁጠሩት። የእማዬ ክፍል የጎደለበትን ምክንያት የሳይቱ መሐንዲስ ሲያስረዳኝም የፕላኑ ልኬት ያልተለሰነውን ብሎኬት እንጂ ልስኑን አይቆጥርም አለኝ። በየግድግዳው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ልስን ይጨመራል። ይህ ወርዱ ላይ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ያስረዳል። የጎደለው ግን 14 ነው። የቀረውን ሲጠየቅ ትከሻውን ነቀነቀ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ነው። «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ»፣ «እስከዚህ ድረስ» የሚሉትን ቃላት በትልልቅ ፊደል፣ ማብራሪያውን ደግሞ ከታች በትንንሹ የማስቀመጥ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ብሮሸሩን መልሼ ሳየው 98 የሚለው ቁጥር ምን ያህል ጎልቶ እንደተጻፈ፣ ስለ ተጣራው ስፋት ግን አንድም ቃል እንደሌለ የገባኝ በባለሙያ ዓይን ነው። እኔ ብሠራው ኖሮ ከዚህ የተለየ አላደርገውም ነበር። ውሸት የለበትም። የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል። እኛ አልጠየቅንም፤ እዚያው ሾው ሩም ቆመን ስለ መስኮቱ ፍሬም ቀለም ግን ሃያ ደቂቃ ጠይቀናል።

ጥያቄው ዋጋ አለው። ለሒሳብ እንዲመች አንዱ ካሬ 100,000 ብር ነው እንበል። 98 ካሬ 9.8 ሚሊዮን ብር ነው። ይህንኑ ገንዘብ በእጃችሁ ለሚገባው፣ በእግራችሁ ለምትረግጡት 78 ካሬ ስታካፍሉት አንዱ ካሬ 125,600 ብር ገደማ ይመጣል። የጋራ ቦታው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ያለ ሊፍት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እማዬን ማን ይሸከማታል? ነገር ግን ሁለት ቤት ስታወዳድሩ የሁለቱንም የተጣራ ስፋት ካላወቃችሁ የምታወዳድሩት ብሮሸር ነው። እኛ ከዚህኛው በፊት አንድ 90 ካሬ አይተን «ይጠብባል» ብለን ትተነዋል። የሱ የተጣራ ስፋት ስንት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማታ ማታ ግን አስበዋለሁ።

ወደ እማዬ ክፍል እንመለስ። አልጋዋ ሜትር ከሃያ ነው። ሜትር ከሃያ የሚባለው ግን ፍራሹ ነው፤ የአልጋው እንጨት ከዚያ ይተርፋል። ባለፈው ፋሲካ ደሴ ሄደን ስለካው ከውጭ ወደ ውጭ 1.28 በ2.02 ነበር። አልጋ ስትገዙም ሆነ ስታጓጉዙ ይህን አትርሱ። ሳንዱቁን ያኔ ለምን አልለካሁም? ክፍሉ በቂ መስሎኝ ነዋ።

ክፍሉን በወረቀት ላይ ሳልኩት፤ አንድ ሜትር በአምስት ሳንቲ ሜትር። አልጋውን፣ ቁምሳጥኑንና ሳንዱቁን በዚያው ልክ ከካርቶን ቆረጥኳቸውና ልጄ እያንቀሳቀሰች ትሞክር ጀመር። ይህን ጨዋታ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት፤ ሰው ቀጥሮ ሶፋ ከማገላበጥ ይሻላል። ብዙ ከተሟገትን በኋላ አልጋው የግራውን ግድግዳ ተከትሎ፣ ራስጌው ወደ መስኮቱ ሆኖ ተቀመጠ። ከ3.12 ላይ 2.02 ሲቀነስ ከግርጌው 1.10 ይቀራል። ሳንዱቁ የሚገባው እዚያ ነው። እኔ ደብተር ላይ ያለው ግን 1.13 ነው። በሦስት ሳንቲ ሜትር አይገባም።

ባለቤቴ ሳንዱቁ ሳሎን ይቀመጥ አለ። እማዬ ማታ ማታ ከፍታ የምታየውን፣ የአባቴ ጋቢ ያለበትን ሳንዱቅ ሳሎን ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን? ዝም አልኩት።

በሩም ሌላ ጣጣ ነበረው። ፕላን ላይ በር የሚሳለው እንደ ሩብ ክብ ነው፤ ያ ቅስት ጌጥ አይደለም፤ በሩ ሲከፈት የሚጠርገው ቦታ ነው። 80 ሳንቲ ሜትር በር ግማሽ ካሬ ይጠርጋል። እዚያ ግማሽ ካሬ ላይ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ከ8.92 ላይ እሱንም ቀንሱ። ይባስ ብሎ በፕላኑ መሠረት የበሩ ማጠፊያ በግራ በኩል ስለሆነ ሲከፈት መዝጊያው ክፍሉ መሐል ይገተራል። እማዬ ሌሊት ለመታጠቢያ ቤት ስትነሳ በጨለማ ዞራው ልታልፍ ነው። ሰባ ዓመት የሞላት ሰው ናት። የውስጥ በሮቹን የምናስገባው እኛ ስለሆንን አናጢውን ማጠፊያውን ወደ ቀኝ እንዲያዞረው ነገርነው። አሁን በሩ ሲከፈት የቀኙን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። በሩ ከመሠራቱ በፊት ይህ በነጻ የሚደረግ ነገር ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን በሩንም ክፈፉንም ማበላሸት ነው።

ሴራሚኩን በተመለከተ ሒሳቡ አጭር ነው። ትልቁን ወርድ ይዘን 3.12 በ2.91፣ 9.08 ካሬ። ለሚቆረጥና ለሚሰበር አሥር በመቶ ስንጨምር 9.99። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ ካርቶኑ አራት ፍሬ ነው፤ አንዱ ፍሬ 0.36፣ ካርቶኑ 1.44 ካሬ። 7 ካርቶን 10.08 ይሸፍናል። በፕላኑ 9.60 ሄደን ቢሆን ኖሮ 8 ካርቶን እንገዛ ነበር። አንድ ካርቶን ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል፤ በስምንት ቦታ አባዙት። ዞኮሎው፣ ግድግዳው ሥር የሚዞረው ማለት ነው፣ በካሬ ሳይሆን በሜትር ነው የሚታሰበው። ዙሪያው 11.96 ሜትር፤ የበሩ 80 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 11.16።

ቀለም ላይ ቀቢያችን «ለዚች ክፍል 4 ጋሎን» አለ። የግድግዳው ስፋት ዙሪያው በከፍታው ሲባዛ ነው፤ 11.96 በ2.70፣ 32.29 ካሬ። በሩና መስኮቱ 3.50 ይወስዳሉ፤ 28.79 ይቀራል። ሁለት ዙር ሲቀባ 57.58። ቆርቆሮው ላይ አንዱ ሊትር 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል ስለሚል ስድስት ሊትር ይበቃል። ባለ 4 ሊትር ጋሎን ሁለት። ይህን በኩራት አስልቼ ሳሳየው ቀቢው ፈገግ ብሎ ግድግዳው ላይ ውሃ ረጨበት። ወዲያው ጠጣው። አዲስ ልስን መጀመሪያ ሥረ ቀለም ካልተቀባ የቆርቆሮው ቁጥር አይሠራም። ተስማማን፤ ሥረ ቀለሙን ለብቻ፣ ከላይ የሚቀባውን 2 ጋሎን። እሱም ልክ ነበር፤ እኔም ልክ ነበርኩ። ከባለቤቴ ጋር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ባለቤቴ ያለ ጂብሰም ኮርኒስ አይሆንም ባይ ነበር፤ መብራት የተደበቀበት፣ ፎቶ ላይ የሚያምረው። ኮርኒሱ ከጣሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ እንግዲህ የይዘት ጉዳይ ነው። የእማዬ ክፍል 8.92 በ2.70፣ 24 ሜትር ኪዩብ ይዘት አለው። ኮርኒሱ ከዚህ ላይ 1.78 ሜትር ኪዩብ ይወስዳል። አንድ ሜትር ኪዩብ አንድ ሺህ ሊትር ነው፤ በሰገነታችሁ ላይ ያለችው ባለ ሺህ ሊትር ሮቶ ማለት ናት። ሊወስድ የፈለገው አንድ ሮቶ ከሦስት ሩብ ያህል አየር ነው። በነገራችን ላይ አየርም ይመዝናል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አንዱ ሜትር ኪዩብ 900 ግራም ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ወደ 1.2 ኪሎ ይጠጋል። የእማዬ ክፍል ሙሉ አየር 22 ኪሎ ያህል ይሆናል። ልጄ ይህን ስትሰማ እጇን ዘርግታ ልትመዝነው ሞከረች።

ሳሎኑ ጂብሰሙን ይውሰድ፤ የእማዬ ክፍል 2.70ዋን እንደያዘች ትቆይ አልን። ደረቷ ትንሽ ያስቸግራታል። እውነቱን ለመናገር ግን የክፍሉ ይዘት ቢሰፋም ቢጠብም ከመስኮት አይበልጥም። እማዬ ቡና ያለ ከሰል አይጥማትም። በ24 ሜትር ኪዩብ ውስጥ፣ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው የሚገድል ነገር ነው። ጭሱ ቆመ ማለት አደጋው አለቀ ማለት አይደለም፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ ቀልቶ ሲያምርም ይወጣል። በደሴው ግቢ ምድጃው ደጅ ነበር። ስለዚህ የከሰል ምድጃዋ ቦታ በረንዳው እንደሆነ ከአሁኑ ነግሬያታለሁ። «ብርድ ነው» አለች። ጋቢ አለሽ አልኳት። ይህ ክርክር ገና አላለቀም።

እማዬ ሴራሚኩ ሳይነጠፍ ክፍሏን ልታይ መጣች። ከአውቶቡስ ወርዳ ቡና እንኳ ሳትጠጣ ሳይት እንሂድ አለች። ክፍሉ መሐል ቆማ ግራ ቀኝ አየች። ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ አለችና ግድግዳውን በክንዷ ትለካ ጀመር። ልጄ ከኋላዋ እየተከተለች ትቆጥራለች። «ሰባት» አለች ልጄ። እማዬ ቀና ብላ «ሰባት ከጣት» ብላ አረመቻት።

እኔ ደብተሬን አወጣሁ። 3.12 ለ46 ሳካፍል ሰባት አይሞላም፤ 6.78 ነው። ተሳሳተች ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሜትሩን አወጣሁ። «እማዬ፣ እስቲ ክንድሽን ስጪኝ።» ከክርኗ እስከ መሐል ጣቷ ጫፍ፣ 44። ስንዝሯ 20። እማዬ ከእኔ ታጥራለች፤ ይህንን ዕድሜ ልኬን አውቃለሁ፤ ደብተሬ ግን አያውቅም። ፈረንሳዮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሜትርን ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት ከ10 ሚሊዮን አንድ አድርገው የቀመሩት እንዲህ ያለውን ጣጣ ሸሽተው ነው፤ የማንም ክንድ እንዳይሆን።

ሁለት ጊዜ 44፣ ሲደመር 20።

«ባለቤቴን ጥራልኝ በያት» አለችኝ ልጄን እያየች፤ አባቷን «ባለቤቴ» ማለቴ ነው የምታሾፍብኝ። ጠራሁት። 1.08 አልኩት። እሱም ሜትሩን ይዞ የአልጋው ግርጌ የሚያርፍበትን ምልክትና ግድግዳውን ለካ፤ 1.10 ነው፤ ትናንትም 1.10 ነበር፤ ግን ለካ። እማዬ ስለምን እንደምናወራ አልገባትም። መስኮቱን ከፍታ ወደ ውጭ እያየች ነበር።

ሳንዱቁ ባለፈው ሐሙስ በጭነት መኪና ከደሴ ደረሰ። በሊፍቱ ገባ፤ በበሩም በጎኑ ዞሮ ገባ። ከአልጋው ግርጌ ሲቀመጥ ከግድግዳው ጋር ሁለት ሳንቲ ሜትር ተረፈው። እማዬ ጣቷን ከታ አየችውና «አቧራ ይገባበታል፣ ጠጋ አድርጉት» አለች።